ሩጪ ወይስ አቀብዪ

ከአሥር ሰዓት ወዲያ፣ ነፋስ ከጣና ይነሣል፤
ደንገሉን አስግዶ፣ ፔዳ ሜዳ ይደርሳል።
ሽቅብ የላኳት ኳስ፣ ያን ሰዓት አታምርም፤
የምታርፍበትን፣ ለማንም አትነግርም።

እኔ ስምንት ቁጥር ነኝ፤ ሲቪል፣ ሦስተኛ ዓመት፤
ሥራዬ መምረጥ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ፣ ያለ እርማት።
በቀኜ እንጉዳይ ናት፣ የደቅ ደሴት ልጅ፣
ከሮጠች የማትያዝ፣ በእግርም ሆነ በእጅ።
በግራዬ አትጠገብ፤ ድምፅ የላት፣ ኮቴ የላት፤
ባዶ ቦታ ፈልጋ፣ ትቆማለች፤ ማን አያት?
"ሩጪ!" ይላል አንዱ፤ ሌላው "አቀብዪ!" ይላል፤
ከዋርካው ሥር ሸንኮራ የሚመጥ ሁሉ፣ አሠልጣኝ ሆኗል።

ቅዳሜ፣ ከጎንደር ከመጡት ጋር ስንጫወት፣
የመጀመሪያው ግማሽ ሩጫ ብቻ ሆነ፤ ጉልበት።
ኳሷን ባገኘሁ ቁጥር ወደ ቀኝ፤ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፤
ሌላ መንገድ እንዳለ፣ ማን ነበር የሚነግረኝ?
አንድ ጊዜ አለፈች። ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው፣
ተከላካይዋ ቆማ ጠበቀቻት፣ መንገዱን አውቃው።
በአራተኛው ሁለት ሆኑ፤ በአምስተኛው ሦስት፤
የመስመሩ ኖራ ፊቷን ሞላው፣ እንደ ዱቄት።
ተነሣች። ዞር ብላ አየችኝ፤ አልተናገረችም።
ያ አስተያየት ግን እስከ ዛሬ፣ ከዓይኔ አልወጣም።

በዕረፍት አሠልጣኝ አጥናፉ፣ ብርቱካን አድሎን፣
"ሩጫ ይበቃል" አለ፤ "ቅብብሉን፣ ቅብብሉን!"
እሺ።
ለእርሷ፣ ለእኔ፣ ለእርሷ፣ ደግሞ ወደ ኋላ፣
ለበረኛዋ፣ ከበረኛዋ ለሌላ፤
ኳሷ እንደ ሬጅስትራር ወረቀት፣ ከመስኮት መስኮት ስትዞር፣
"ነገ ነይ" እየተባለች፣ ማኅተም አጥታ ስትቸገር።
ጎንደሮች ወገብ ይዘው፣ ቆመው አተኮሩን፤
ጮኾ የማይነክስ ውሻ ነን፤ ለምን ብለው ይፍሩን?

ያኔ ነው ትዝ ያለችኝ፣ ወይዘሮ ጠጅቱ፣
ዓሣ የምትመዝን፣ ሐይቁ ዳር በጠዋቱ፤
ሚዛኗ የዛገ፣ ሰንሰለቱ የላላ፤
"እኩል ነው ወይ?" ስላት፣ ሳቀች፣ ቆጣ ብላ፦
"ሁለቱን ሳህን ስታዪ፣ ወዲህ ወዲያ ስትዋልዪ፣
አውራ ጣቴን መች አየሽ?" አለችኝ፤ "በይ ክፈዪ!"

ሰባኛው ደቂቃ። ነፋሱም መጥቷል። ኳሷ ከእኔ ዘንድ።
በዓይኔ ወደ ቀኝ ሄድኩ፤ በትከሻዬም፤ የለመዱትን መንገድ።
እንጉዳይ ነቅላ ሮጠች፣ እንደ ሞተር ጀልባ፤
ሦስቱም ተከተሏት። ማንም አላየም፣ አትጠገብ በግራ ስትገባ።
ሰጠኋት።
እንጉዳይ ኳስ ሳትነካ፣ ግቡን እሷ ሠራችው፤
አትጠገብ በዝምታ፣ መረቡ ውስጥ አኖረችው።
ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ ሁሉም አትጠገብን ሲፈራ፣
የቀኙ በር ተከፈተ፤ አሁን የእንጉዳይ ተራ።
ብረት መታች። ድምፁ እስከ ሐይቁ ተሰማ፤
ጉማሬም ቀና አለ ይላሉ፤ ማን ያውቃል፣ ይወራልማ።

አንድ ለአንድ ወጣን።
ማታ ጫማ አንጠልጥለን ስንሄድ፣ ጭቃው ሲቀዘቅዘን፣
"ከዕረፍት ወዲህ" አለች፣ "አሥራ አንዴ ሮጥኩ፤ ሁለቴ ኳስ መጣልን።"
"መጣልኝ" አላለችም፤ "መጣልን" ብላ አለፈችኝ፤
በዚያች በአንዲት ፊደል፣ ማረችኝ ወይስ ወቀሰችኝ?

ከሩቅ አንድ ታንኳ፣ ማገዶ ጭኖ ይመጣል፤
ነፋሱ ከቀኝ ሲገፋው፣ ቀዛፊው ያውቅበታል፤
አንዴ በቀኝ ይመታል፣ ሦስቴ ደግሞ በግራ፤
ስትቆጥረው እኩል አይደል፤ ታንኳው ግን አልተጣመመ፣ አልፈራ።
እንጉዳይ አባቷን የምትጠብቅ ይመስል፣ ቆመች ከውኃው ዳር።
"ሰኞ ልምምድ ስንት ሰዓት ነው?"
"አሥር" አልኳት። "ከነፋሱ ጋር።"