ዐይኑ ዐ

ላይፕሲሽ። ኅዳር ወር። ትራሙ ሲያቃስት፣
ዝናቡ በመስኮት ሲወርድ በስስት፣
ከዐይን ክሊኒኩ፣ በር ቁጥር ስድስት፣
በሰዓት ተከፍሎኝ ቃል ላሻግር መጣሁ፤
ደብተሬን ታቅፌ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ።

በሽተኛው ጋሽ ይልቃል፣ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤
በወጣትነት መጥተው፣ ሕትመት እዚሁ ተምረው፣
የእርሳሱን ፊደል በግልባጩ ዕድሜ ልክ ሲደረድሩ
እዚሁ ያረጁ ሰው፤
ጀርመንኛውን ከኔ ይልቅ አጥርተው የሚናገሩ።
«ታዲያ አስተርጓሚ ምን ሊያደርግ?» ብላቸው ገርሞኝ ነገሩ፣
«ዐይኔ» አሉኝ «አገር ያየው በአማርኛ ነው፤
ሕመሙንም ባማርኛ ንገሪው፤ ይስማው።»

ዶክተር ሃኔሎረ መብራት አበራች፤
አገጫቸውን አስደግፋ፣ ብሌናቸው ውስጥ ገብታ ቆየች፤
«ግራወር ሽታር» አለች።

ሽታር በዚህ አገር የወፍ ስም ነው፤ በመኸር ሰማይ ላይ
መንጋው እንደ ጭስ የሚጠቀለል፣ እንደ ጭስ የሚለያይ።
ወፉና ሕመሙ ዝምድና የላቸውም ይላል መዝገበ ቃላት፤
እኔ ግን አየሁት፣ ግራጫ ክንፉን ዘርግቶ ብሌናቸው ላይ ሲተኛባት።

«ሞራ» አልኳቸው። «የዐይን ሞራ ነው። ይገፈፋል።»
ሳቃቸው ክፍሉን ሞላው፤
«ሞራ ገላጭ ናታ! እኔ ደግሞ ሐኪም መስላኝ፣ ለካስ ጠንቋይ!
የኛዎቹ የበግ ሞራ ዘርግተው ነገን ሲሉ እናሳይ፣
እሷ የኔን ገልጣ፣ ዛሬን ልታሳይ!»

«ምን አሉ?» አለችኝ። «ቀልድ ነው» አልኳት።
ቀልድ ድንበር ሲሻገር ጥርሱ ይረግፋል።

ወደ ግራው ዐይን ዞረች።
እዚያ ቆየች።
ያን ዝምታ ለመተርጎም ማንም አይከፈለውም፤
«ግሩነር ሽታር» አለች። አረንጓዴ ወፍ? አይሆንም።
ግላኮማ። እናቴ የማታውቀው ቃል፤ አያቴም።

«የዐይን ውሃ» ብዬ ጀመርኩ «መውጫውን አጥቶ፣
ከውስጥ ተጠራቅሞ፣ ነርቩን ተጭኖ፣ ጎድቶ፣
ከዳር ከዳር ጀምሮ ብርሃኑን በልቶ...»
«ተይው፣ ገባኝ» አሉ። «ዐይነ ውሃዬ አላማራትም።»

«የጠፋው ይመለስ እንደሁ ጠይቂልኝ» አሉ።
ራሳቸው መጠየቅ ይችሉ ነበር። ጠየቅኩ።
«ናይን» አለች።
ከዐይን የምትለየው በአንዲት ፊደል ነው።
አልተረጎምኩትም።

ኮሪደር ስንጠብቅ ደብተሬን ወሰዱ፤
ከአፍንጫቸው አስጠግተው በቀኛቸው አነበቡ፤
የጻፍኩት ቃል ላይ ደርሰው ተቆጡ፤ «አይን?
ይሄ አያይም፣ አንቺ ልጅ! ዕውር ነው! ብሌኑ የታለ?
በዐይኑ ዐ ነው እንጂ፤ ክብ፣ እንደ ራሱ የሆነ፣
ለቅሜ ሳስገባው መልሶ ያየኝ ነበር፣ እየተጉረጠረጠ።»

ከዚያ ቃል አወጡልኝ፣ ከመሳቢያ እንደሚያወጡ፤
ቆቡን፣ ሽፋሽፍቱን፣ ሲመሽ የሚመጣውን ዳፍንት፣
ማዙን፣ ወደ ውስጥ የሚበቅለውን ጠጉር፤
«እናቴ» አሉ «በየእሑዱ ወረንጦ እሰጣት ነበር።
በርሷ ዐይን ነው መልቀም የተማርኩት።»
ይህን አልጻፍኩትም።

ሞራው በተገለጠ በማግስቱ፣ ሰሌዳው ፊት ተቀመጡ።
ዶክተሯ ከላይ ጀመረች። ኤፍ። ፒ። ቲ። በፈረንጅኛ ጠሩ።
ከታችኛው መስመር፣ ከጉንዳን ከሚያንሱት፣
አንዱን ክብ ፊደል በበትሯ ነካችው።

ጋሽ ይልቃል ጎንበስ አሉ። ቀና አሉ።
እንባ ይሁን ጠብታው መድኃኒት፣ አንድ ነገር ወረደ።

«ዐይን» አሉ።

«ምን አሉ?» አለችኝ።
«ትክክል ነው» አልኳት። «አይተውታል። ጻፊው።»