ልክ

ከሱር ማዘጋጃ፣ ከሦስተኛው መስኮት፣
ወረፋዬን ይዤ ቆምኩኝ ካርታ ልሸምት፤
የዋዲውን ካርታ፣ የጎርፉን ወሰን፣
እኛ የተኛንበት የቱ ጋ እንደሆን።

"ሠላሳ ሁለት ሪያል፤ ማኅተም አይጨምርም፤
ደብዳቤም ያስፈልጋል፣ አሠሪህ ይፈርም"
አለችኝ ሸምሳ፤ ቃሏ አልከረረም፣
ዋጋውን ያወጣች እሷ አይደለችም።

ዓሣ አጥማጅ ኹመይስ ከኋላዬ ቆሟል፤
የገዛ ባሕሩን ጥልቀት ሊገዛ መጥቷል።

ልንገራት ወይ አልኩኝ፣ ምላሴን ያዝኩት እንጂ፦
መሐንዲሱ ከጥላ በመነጽር ሲያይ፣
እኔ ዘንግ አቅፌ ከዋዲው ጠጠር ላይ፣
"ግራ!" ሲል ወደ ግራ፣ "ቀና!" ሲል ቀና ስል፣
ሐምሌ፣ እኛ ጋ ዝናብ፣ እዚህ አናት ሲያበስል።
በአገር ገንዘብ ተለካ፣ በአገር ገንዘብ ተሣለ፣
ተቆለፈና ደግሞ ለአገር ሊሸጥ ዋለ።

ማታ ሰፈር ስደርስ ሐይረዲን ሩዝ ይለቅማል፤
ጠመኔውን ቀማሁት፣ "ደግሞ ለምንህ?" ይላል።
ዘንግ ያቀፈ ክንድ ግን ቁጥሩን መች ይረሳል፤
ሁለት ሜትር ከአርባ፦
ከላይኛው አልጋ እንኳ አንድ ክንድ ይበልጣል።

አሰመርኩት ዙሪያውን፣ ከበሩ እስከ መስኮት፤
ሐይረዲን ሩዙን ትቶ አፈጠጠ፤ "በእውነት
እዚህ ድረስ?"
"እዚህ ድረስ።"

በማግሥቱ ባንግላዴሾቹ ጠሩኝ፣ ከዚያ ጋራዡ፣ ከዚያ ዳቦ ቤቱ፤
አለቀ ጠመኔው፣ ጣቴ ላይ ቀረ ዱቄቱ።
ማኅተም የለው፣ ፊርማ የለው፣
ልኩ ግን ልክ ነው።

የሸምሳም ቤት እዚያው ዋዲ ዳር መሰለኝ፤
እሑድ ልነግራት ነው፣ ወረፋው ከደረሰኝ።