ሃያ እና አምስት

ሐይቁ ዳር ካለው ፎቅ፣ ከሦስተኛው ደርብ፣
ከፎቶ ቤቱ በላይ፣ ለልብስ ሰፊው ቅርብ፣
አራት ሆነን ነበር ክፍል ተከራይተን፣
አንዲት ማራገቢያ ለአራት ተሻምተን።

የአስጋሪ ማኅበሩ ጠራንና አንድ ቀን፣
«ደብተሩ ራሰብን፣ ገጽ ሥሩ» ጠየቀን፤
ማን ስንት እንዳመጣ፣ ስንት ኪሎ ለካ፣
ከስልኩ እንዲያነብ፣ መዝገብ የሚተካ።

ጊዜው አጭር ነበር። መብራት ጠፍቶ ነበር።
ላፕቶፔ ሊዘጋ፣ ዘጠኝ በመቶ ሲቀር፣
ቀዩ መስመር ደግሞ ከቃሌ ሥር ሲሰመር፣
«ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ?» እያለ ሲከራከር፣
ታከተኝ።
«ኤኒ» ብዬ ጻፍኩ።
አንዲት ቃል ናት። ትርጉሟም፦ ግድ የለኝም፣
የመጣው ይምጣ፣ ማንነቱን አልጠይቅም።

እንደ ተቆጡት ልጅ ዝም አለ ኮምፓይለሩ፤
እኔ ሰላም መሰለኝ፣ ወጣሁ በበሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ላቲሶ መጡ፤
ያን ሁሉ ደረጃ ሲያለከልኩ ወጡ።
የጎማ ጫማቸው ወለሉን አረጠበው፤
ስልኩን ገፋ አርገው፣ «ይህን ማነው የከተበው?
ጠዋት ሃያ ኪሎ፣ ማታ አምስት ብቻ፤
ከዚያ ውጪ ባዶ፣ ጀልባውም ኩርቻ።
እዚህ ግን ይላል፦ ሁለት መቶ አምስት።
ልጆቼ፣ በየትኛው ጀልባ ነው ያመጣሁት?
ይህን ብትሸከም የእኔዪቱ ታንኳ፣
ሬሳዬም አይገኝ ለቀብሬ እንኳ።»

ብሩ ገብቶላቸዋል። አልነኩትም።
ቢጎድልባቸው ኖሮ ስልክ ይደውሉ ነበር፣ ይጮኹብን ነበር፤
ስለተረፋቸው በእግራቸው መጡ።
እኔን ያሳፈረኝ ይሄ ነው።

ቀጸላ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤
«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለች፣
መስመር በመስመር ወረደች።
ከቅጹ የመጣው ሃያ ቁጥር አልነበረም፤
የቁጥር ልብስ የለበሰ ጽሑፍ ነበር።
አምስትም እንዲሁ።
ተደመሩ ሲባሉ አልተደመሩም፣
ለፎቶ እንደሚነሱ ወንድማማቾች
ጎን ለጎን ቆሙ፦
ሁለት፣ ዜሮ፣ አምስት።

«ማን ጻፈው?» አላለችም።
ስሜ ከመስመሩ ራስጌ ተጽፏል።
ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፣ በቃ።

ከልብስ ሰፊው ጠመኔ ተዋሰች፤
ባዶው ግድግዳ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦
ከደጅ የገባ ሁሉ ዓይነቱን ሳይናገር አይለፍ።
ባዶ ሊሆን የሚችል ነገር፣ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ይጻፍ፤
መረብ ሁልጊዜ ዓሣ አይዝም።
ኪሎን ኪሎ፣ ብርን ብር በሉት፤ ኤክስ የሚባል ሰው እዚህ ሰፈር የለም።
ቀዩን መስመር ዝም ያሰኘ፣ ምክንያቱን ከጎኑ ጽፎ ይፈርም።
ኤኒ ክልክል ነው።
ቆም አለችና ጨመረች፦
ባትሪው ላለቀበትም።

ቡሪሶ ተቃወመ፦ «የአንድ ቀን ሥራ ሁለት ቀን ሊፈጅ ነው!»
«ሳይቃጠል በቅጠል» አለችው።
«ቅጠል ስንለቅም ደንበኛው ይሄዳል» አላት።
ዛሬም አልተስማሙም። ጠመኔው ግን አልጠፋም፤
ልብስ ሰፊው በየሳምንቱ ይጠይቀናል፣ አንመልስለትም።

አመሻሹ ላይ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ።
አባ ኮዳዎቹ ኮት እንደ ደረቡ ዳኞች
ተራርቀው ቆመው የሚጣለውን ይጠብቃሉ።
ጋሽ ላቲሶ ዓሣ ይለያሉ፤
ዓይናቸው ሐይቁ ላይ፣ ሥራው የጣታቸው፤
ቅርፊት ያለውን ወዲህ፣ ቆሮሶ፤
ጢም ያለውን ወዲያ፣ አምባዛ፤
አጠራጣሪ ሲገጥማቸው ብቻ ጎንበስ ብለው ያያሉ።

«ተሳስተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።
«አንድ ጊዜ» አሉ።
አውራ ጣታቸውን በስልኬ መብራት አሳዩኝ፦
የአምባዛ እሾህ የገባበት፣ የገረጣ ጠባሳ።
«ልጅ ሆኜ ነው። ቸኩዬ።
ዝናብ ሊመጣ ሲል አሁንም ይነግረኛል»
ብለው ወደ ቅርጫቱ ተመለሱ።