የዘጠኝ ዓመቷ አዛውንት

በሽታዋ ስም የለውም፤ ፊደልና ቁጥር ነው፣
የመኪና ሰሌዳ መሳይ፣ ሐኪሙም እያየ የሚያነበው።
በምድር ላይ ከሷ ጋር ሰባት ናቸው፣ ቢቆጠር ጠቅላላው ዘመድ፤
ሰባት፤ አንዲት መኪና ጭና የምትጨርሰው ነገድ።

አንዱ ፓራጓይ፣ ሁለቱ ላሆር፣ አንዱ ኦፖርቶ…
ቋንቋቸውን አንሰማም፤
የልጆቻቸውን ሽንት መልክ ግን እናውቃለን፣
ሌሊት በስንት ሰዓት እንደሚያንዘፈዝፋቸው እናውቃለን።

ማሪካ በየሦስት ሰዓቱ ትነሣለች፤ ደወሉን ትቀድመዋለች፣
ዱቄቱን በሚዛን፣ ውኃውን በመርፌ ለክታ በቱቦ ታወርዳለች።
ተራዬ ሲደርስ እጄ የጀልባውን ናፍታ ይሸታል፤
ሌሎ ፊቷን ታዞራለች፤ ያ ለኔ እንደ ሳቅ ይቆጠራል።
ታኔል አሥራ ሦስት ነው። ጓደኛ ቤት አያመጣም።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅነውም፤ እሱም አልነገረን፤
ዘንድሮ የልደቱን ሻማ ያበራነው በማግስቱ ነው፤ ረስተን።

በኅዳር ከኦፖርቶ ደብዳቤ መጣ፤ በመዝገበ ቃላት ፈታነው፤
«ዱዋርቴያችን ዐረፈ፤ አሥራ አንድ ሞልቶት ነበር» ይላል መጨረሻው።
ማሪካ ወንበር ሳትስብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤
ቆይታ፣ ቆይታ፣
«እንግዲህ ትልቋ የኛ ናት» አለች።

እስከ ትናንት የዱዋርቴን እናት እንጠይቅ ነበር፤
ጥርሱ መቼ ወለቀ? እግሩ በስንት ዓመቱ ከዳው?
ከፊት የሚሄድ ነበረ፣ ኮቴውን የምናየው።
ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማንኪያ መያዝ አልቻለችም፤
የሰባት፣ አይ፣ የስድስት ሰው አገር ሽማግሌ ሆነች፤
የምትመክርበት ቃል የላትም።

በየካቲት ባሕሩ ጠና። ጀልባዬ ታሰረች፣
ከሂዩማ ወደ ዋናው ምድር የበረዶው መንገድ ተከፈተ።
ሕጉን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀበቶ አይታሰርም፣
በረዶው ከከዳ በሩን በርግዶ ለመውጣት ነው።
ሌሎ ግን ካልታሰረች መቀመጥ አትችልም።
ማሪካ በክንዷ አሰረቻት።

በዚያ ጠዋት የቀደመን ጎማ አልነበረም፤
የጥድ ቅርንጫፍ ብቻ፣ እዚህም እዚያም፣ ለምልክት የተተከለ።
መሐል ላይ ስልኳ ነዘረ፤ የላሆሯ እናት ናት፤
«ትንሹን ዛሬ ጀመረው። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?»

በአንድ እጇ ልጃችንን ይዛ በሌላው ጻፈች፤
«በግራ ጎኑ አስተኚው። መብራቱን አጥፊ።
አትዘምሪለት፤ የኛዋን ድምፅ ይረብሻታል።
ዝም ብለሽ ቁጠሪ፤ አርባ ሳይሞላ ይለቃታል።»

በረዶው ከሥራችን ይንቋቋል። ዝግ ብዬ እነዳለሁ፤
መሪውን ጨብጬ፣ ሳላስበው፣
ሠላሳን አልፌያለሁ።