ሠላሳ እና ሁለት

የሄድኩት ለአበሉ ነው፤ እውነቱን ልናገር።
የባጃጅ ማኅበሩ ስሜን ጽፎት ነበር።
ሲስተር ዘርትሁን ቆማ ከጎማው ሰው ጎን
«ደረቱ መሐል ላይ» እያለች ስታሳየን፣
እኔ ኋላ ወንበር፣ አንገቴን ደፍቼ፣
ግማሹን ሰማሁት፣ ግማሹን ተኝቼ።
«ክርንህን አታጥፍ፤ ክንድህ ይቁም ቀጥ፤
ሠላሳ ጊዜ ጫን፣ ሁለት ትንፋሽ ስጥ።»

ከዚያ ሰኔ ገባ።

ጣና በሰኔ ወር ጠባዩ ይከፋል፤
ጠዋት ተኝቶ ነው፣ ከሰዓት ይጋፋል።
ከዓሣው ገበያ ዳር ተሳፋሪ ስጠብቅ
አንዲት የደንገል ታንኳ ብቅ ጥልቅ፣ ብቅ ጥልቅ፣

ከዚያ ብቅ የለም።

ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲቀዝፍ የዋለ
ዕድሜው ዐሥራ ስድስት ገና ያልዘለለ፣
አንማው፣ የይርሳው ታናሽ። ጎትተው አወጡት፤
እንደ ርጥብ ጆንያ ጠጠር ላይ ጣሉት።
ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ዓይኑ ግማሽ ክፍት፤
ደረቱ ጸጥ ብሏል እንደ ተዘጋ ቤት።

ሰው ተሰበሰበ፤ ሁሉም ሐኪም ሆነ።
«ዘቅዝቁት፣ ውኃው ይውጣ!» አንዱ ወሰነ።
«ክብሪት አሽትቱት!» ብሎ ሌላው እንጨት ጫረ፤
ነፋስ አጠፋበት፤ ደግሞ ጀመረ።
አንዲቱ «ጸበል!» ስትል፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ
ይቀርጻል፣ ዝም ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ዘግቶ።

እኔስ? ልዋሽ? ፈራሁ። እግሬ ተተከለ።
እኔ የማውቀው ሰው ጎማ ነው፤ ሞት የለው፤
ይህኛው ግን እናት፣ ይህኛው ስም አለው።

«አንማው! አንማው!» ትከሻውን ነቀነቅሁ።
መልስ የለም።
ጆሮዬን አፉ ላይ ደፋሁ፤ የሐይቅ ሽታ ብቻ።
«አንተ ባለ ቀይ ሹራብ! አዎ፣ አንተ!
መቅረጹን ተውና አምቡላንስ ጥራ!»
ሲስተር ምን ነበር ያለችው፣ በእንቅልፌ መሐል?
ለሰመጠ ሰው መጀመሪያ ትንፋሽ።
ግንባሩን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ፣ አፍንጫውን ያዝ፤
አፌን በአፉ ላይ ገጠምሁ፤ ብርድ ነበር።

ከዚያ እጆቼ፣ አንዱ ባንዱ ላይ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
የሆነ አጥንት ከእጄ ሥር ቋ አለ፤
እጄ ሊሸሽ ቃጣው፤ አልሸሸም።
ዐሥራ ስምንት። ዐሥራ ዘጠኝ።
ዐሥራ...
ቁጥሩ ጠፋኝ።

«ሃያ!» አለች የዝና፣ ጥብስ ዓሣ ሻጯ፣
ዘይት በነካው መዳፏ ጭኗን እየመታች።
«ሃያ አንድ! ሃያ ሁለት!»
ቀን ሙሉ ዓሣ ስትቆጥር የኖረች ሴት አንድም አትስትም።
ቀስ በቀስ ሰዉ ሁሉ አብሯት ቆጠረ፣
ክብሪት ጫሪው ሳይቀር።

ሠላሳ። ሁለት ትንፋሽ።
ሠላሳ። ሁለት።

ክንዴ ሲዝል አንዱ ዓሣ አጥማጅ ተካኝ፤
«መሐሉን። ቀጥ። ጠንከር። ፈጠን። ልቀቅ። ድገም።»
ያ የግማሽ ቀን ሥልጠና ስድስት ቃል ሆነ።

አራተኛው ዙር ላይ ነው እላለሁ፤
የዝና ስድስተኛው ነው ትላለች፤
ብቻ ጣና ከአፉ ወጣ።
በጎኑ አዞርነው። ሳለ። አጓራ። እንደገና ሳለ።
አንዲት ሴት ነጠላዋን አወለቀች፤
ርጥቡን ሸሚዝ ገፈን በነጠላዋ ጠቀለልነው።
አምቡላንሱ ጭቃውን እየፈራ ደረሰ።

ይዳን ይሙት፣ ሌሊቱን ሳላውቅ ነጋ።
ጠዋት ይርሳው ደወለ፦
«ሾርባ አምጡ አለ» አለኝ። ሌላ ነገር መናገር አልቻለም።

በሳምንቱ ሲስተር ዘርትሁን ባጃጄ ላይ ወጣች።
«ተኝተህ ነበር፣ አይደል?» አለች፣ በስፖኪዮው አይታኝ።
«ግማሹን» አልኳት።

ያ የሰማሁት ግማሽ አንድ ልጅ አተረፈ፤
ሌላው ግን ዓይኔ ሥር፣ በእንቅልፍ አለፈ።
ደም ነበር? ቃጠሎ? የእባብ ንክሻ? አላውቀው፤
አሁን መንገድ ላይ ሰው ባየሁ ቁጥር
የምፈራው እሱን ነው።