አልነሳም ያለው

ባቱሚ ላይ ዝናብ መቼ ይጠየቃል፤
ከባሕር ይነሳል፣ ሲሻው ይለቃል።
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ካልሲዬ ርሶ፣
ናዚብሮላ ከፈተች፣ ትከሻዋ የወንድ ሹራብ ለብሶ።

«ጁምበር፣» አለች፣ «ተኝቷል፣ ከትናንት ጀምሮ፤
ስነካው ያቃስታል፣ እንደ ሰው አምርሮ።»
የልጅ ልጇ ላሻ፣ ከሶፋው ሳይነሳ፣
«ጣይው በቃ፣» ይላል፣ «ምን ያደርጋል ሬሳ?»
«ዝም በል! አንተም ቀትር ላይ ነው የምትነሳ።»

ቁልፉን ተጫንኩት።
ማራገቢያው ዞረ፣ አጉተመተመ፣
ሦስት ጊዜ ጢጥ አለ፣ መልሶ ደከመ።
ጢጥታም ቋንቋ ነው፣ ጆሮ ላለው ሰው፤
«ማስታወስ አቃተኝ» ነው የሚለው።

ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ጎኑን ገለጥኩ፣
ብርድ ልብስ የሚያህል አቧራ ጠረግኩ።
አንዲት የሞተች ንብ፣ ብርዱን ሸሽታ ገብታ፣
ከማቀዝቀዣው ሥር አገኘኋት ተኝታ።
እናት ቦርድ ይሏታል፤ ስሟ አይጣላት፣
ሁሉ ተሰክቶባት ማንም የማያያት።

ሜሞሪውን ነቀልኩ፣ የወርቅ ጥርሱን
በላሻ ላጲስ ፈተግኩ፣ እድፉን፣ ጠርዙን፤
እፍ አልኩበት፣ መለስኩት፣ ቀጭ!
ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

ሌላው ቀዳዳ ውስጥ፣ በአውራ ጣት አጥብቄ፣
ከተትኩት፣ ቆየሁ፣ ትንፋሼን ጠብቄ።
ጢጥ።
አንዲት ብቻ። አጭር። የጤና።
ናዚብሮላ አማተበች።

ስክሪኑም በራ፤ ግን ነጭ ጽሑፍ መጣ፦
«ቀኑ ተሳስቷል፣ ሰዓቴ ባትሪ አጣ።»
ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቆሟል፣ ጃንዋሪ አንድ፤
ያን ክረምት ነበር ጉራም አልጋ ላይ ሲነድ።
ቀኑን አየችው። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
«እንዲሁ ልተወው?» አልኩ፣ ማጽናናት ፈልጌ።

«ምን?» አለች፣ ዞር ብላ።
«ያን ዓመት አንዴ ኖሬዋለሁ፣ ይበቃኛል።
ሌሊት ሌሊት አንተ አልገለበጥከው፣ አንተ አላጠብከው፤
አውጣው ከዚያ ቶሎ፣ ወደ ዛሬ መልሰው።»

አዝራር የምታህል ባትሪ ከቦርሳ አወጣሁ፣
አሮጌዋን በጥፍሬ ፈንቅዬ ተካሁ።
ዛሬን ጻፍኩለት፦ ማክሰኞ፣ ዝናብ።
(ዝናቡን አይጠይቅም፤ እኔ ነኝ በሆዴ የጨመርኩት።)

ተነሳ።

የመንደሪን ሒሳቧን ከፈተች፣ መነጽሯን ሰክታ፣
ስም በስም ወረደች፣ አንድም ሳትስታ፤
አንዱ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ሳቀች።
«ቫርላም። ሁለት ሣጥን። አልተከፈለም።
አባትህ አይደለም?»

አባቴ ነው። ካረፈ አራት ዓመቱ።
ላሻ ከሶፋው ዘሎ መጣ፣
ለዚህ ሲሆን እንዴት ፈጥኖ ተነሳ!

ሃያ ላሪ ነበር ልጠይቅ ያሰብኩት፤
ዕዳው አሥራ ስምንት፤ እሱን ቀነስኩት።
ሁለት ላሪ ቆጥራ መዳፌ ላይ አኖረች።
ስሙን ግን አላጠፋችም፤
ከጎኑ «ተከፍሏል» ብላ ጻፈች፣
በአንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣
ከሥሩም ቀኑን፣
የዛሬውን፣
ትክክለኛውን።