አረፋው የወጣበት

በርሜላችን ጠበበ። ኢንተርኩለሩ አልገባም።
ማስተር ይበይን ሳቀ፤ «ሐይቅ አጠገብ ተቀምጦ በርሜል አይረባም፤
ያዝ በዚያ ጫፍ» አለኝ።
ከሽምብጥ ጋራዥ እስከ ውሃው ዳር
እንደ ቃሬዛ ተሸክመነው ወረድን፣
ባለቤቱ ታደግ ከኋላ፣
እጁን ኪሱ ከቶ፣ ሳይናገር።

ኢሱዙው ሦስት ሳምንት
የቆጋ ሽንኩርት ጭና
ጎሃ ጽዮን ዳገት ላይ ስታቃስት፣
ጥቁር ጭስ ስትተፋ ከርማ።
«ፓምፕ ነው» አለው የደጀኑ፣ «ኖዝል ነው» አለው የመራዊ፤
ሁለቱም ተቀየረ፤
ጭሱ ጥቁር፣ ሰማዩ ሰማያዊ።

ማስተር ይበይን ሲያስተምር ድምፁ ዝቅ ይላል፤
«ቱርቦ አየር ይጨምቃል፤ የተጨመቀ ይግላል።
የጋለ አየር ሆዱ ሰፊ፣ ውስጡ ባዶ ነው፤
ቦታ ይይዛል እንጂ ነፍስ የለው፣ እንደ ተቆጣ ሰው።
እዚህ ቀጫጭን ክንፍ መሃል፣ ነፋስ ሲነካው ግን
ይሰበሰባል፤ በአንድ ጉርሻ
ሲሊንደሩ ብዙ ይውጣል፤
ናፍጣውም ይነዳል፣ መኪናውም ይነዳል፣
እስከ ዳገቱ መጨረሻ።»

ሁለቱን አፍ በላስቲክና በእንጨት ወተፍን፤
በጎማ መንፊያ አየር ሞላነው፤
ከደንገሉ መሃል፣ እምቦጩን በክንዳችን ገፍተን
ቀስ አድርገን አጠለቅነው።
አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን አቆመ፤
«የምን ጥምቀት ነው በዚህ ወር?»
«ሕመምተኛ ነው» አለው ማስተር፣
ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል።

ውሃው ዝም አለ። እኛም።
ከዚያ ከሦስተኛው ረድፍ ግርጌ፣
መርፌ በማያስገባ ስንጥቅ
ፍልቅ
ፍልቅ
ፍልቅ።

«ያውልህ» አለ ማስተር። «ትንፋሿ ሲሊንደር ሳይደርስ
መንገድ ላይ ነው የሚቀረው።»
ታደግ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ
አረፋውን ቆጠረው፣ ወይም የቆጠረ መሰለኝ።
«ፋንታሁን ነግሮኝ ነበር» አለ።
«ዳገት ላይ ‹የሆነ ነገር ያፏጫል› አለኝ።
‹አንተ ነህ የምታፏጭብኝ› ብዬ
ደጀን ላይ ከነሻንጣው አወረድኩት።»
ስልኩን አወጣ።
ኔትወርክ ይሁን ድፍረት
የፈለገውን እንጃ፤
ፊቱ ገና እንደ ጭስ ማውጫ የጋለ ነበር።

«ቆይ» አለው ማስተር ይበይን፤
«አሁን ብትደውል ትጮኽበታለህ።
መጀመሪያ ነፋሱ ይንካህ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።
እኔ ሐይቁ እንዳያስረሳኝ
ስንጥቁን በሚስማር ከበብኩት።
ስንመለስ ከበደን፤
ውሃ ጠጥቶ ነበር።